«ስንት ደቂቃ አለን?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሰመመን ሕክምና ተማሪዎች የሚሰጠውን የአጠቃላይ ፊዚክስ ኮርስ በምናስተምርበት ጊዜ፣ የጋዝ ሕጎችን በሰሌዳው ላይ ጽፈን እንደ ጨረስን አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች። ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመምጣቷ በፊት በአንድ አነስተኛ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በነርስነት ያገለገለች ናት። «መምህር፣» አለች፣ «መጽሐፋችን አንድ ጤነኛ ዐዋቂ ሰው አስቀድሞ ንጹሕ ኦክሲጅን በደንብ ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ ከቆመ በኋላ ስምንት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አገር ነው። እዚህ አዲስ አበባ ላይስ ስንት ደቂቃ አለን?» ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ዝም አልን። ኮርሱን ለዓመታት ስናስተምር በተዳፋት ላይ የሚንሸራተተውን ሣጥን ፍጥነት ደጋግመን አስልተናል፤ ይህን ስሌት ግን አንድም ቀን ሠርተነው አናውቅም ነበር።

ጉዳዩ ለራቀው አንባቢ ባጭሩ እናስረዳ። አንድ ሕመምተኛ ለከባድ ቀዶ ሕክምና ሙሉ ሰመመን ሲሰጠውና ጡንቻዎቹን የሚያላላ መድኃኒት ሲወጋ በራሱ መተንፈሱን ያቆማል። ከዚያች ቅጽበት አንሥቶ ሕይወቱ በራስጌው በቆመው የሰመመን ባለሙያ እጅ ናት። ባለሙያው የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በአፍ አሳልፎ፣ በድምፅ አውታሮቹ መካከል አሾልኮ ወደ ትንፋሽ ቧንቧው ማስገባት አለበት። (ብዙዎች መተላለፊያውን «የአየር መንገድ» ይሉታል፤ ስሙ በአገራችን አውሮፕላን ስለሚያስታውስ እኛ «የትንፋሽ መንገድ» ማለትን መርጠናል።) በአብዛኛው ሰው ላይ ይህ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚፈጸም ሥራ ነው። አንዳንዱ ሰው ግን አፉ በወጉ አይከፈትም፤ የሌላው አንገት በልጅነቱ በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ተጨምድዶ ወደ ኋላ አይታጠፍም፤ የሌላዋን የትንፋሽ ቧንቧ ደግሞ በደጋው አገራችን ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው እንቅርት አጣቦ ወደ ጎን ገፍቶታል። ከትንፋሽ ቧንቧው በስተኋላ የምግብ ቧንቧው አፍ አለ፤ ስቶ ወደዚያ መግባት ቀላል ነው።

ጥበቱ ራሱ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ሌዎናር ማሪ ፑአዜይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ሲል ባደረገው ጥናት፣ ረጋ ብሎ የሚፈስ ነገር የሚያገኘው ፍሰት በቧንቧው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ልክ እንደሚወሰን አሳየ። የትንፋሽ ቧንቧው 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሰው ላይ ዙሪያውን የአንድ ሚሊ ሜትር እብጠት ቢፈጠርና ስፋቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ ተቃውሞው ሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ሕፃን ላይ ያው አንድ ሚሊ ሜትር ተቃውሞውን 16 እጥፍ ያደርሰዋል። ያልተሳካ ሙከራ ሁሉ ሥጋውን እየነካካ ያሳብጣል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም፣ በጠበበ በር ላይ የሚደረግ ነው። የብሪታንያው የአስቸጋሪ ትንፋሽ መንገድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ሙከራዎቹ ከሦስት እንዳይበልጡ፣ ከዚያ በላይ ካስፈለገም የተሻለ ልምድ ያለው ሌላ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞክር ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። ዐዋቂ ሰው ተንፍሶ በጨረሰ ጊዜ በሳንባው ውስጥ 2.5 ሊትር ያህል ጋዝ ይቀራል። ያ ለትንፋሽ አልባዋ ጊዜ የተቀመጠ ስንቅ ነው። ሰውነቱ በየደቂቃው 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክሲጅን ይበላል። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ከዚህ ላይ የውሃ ተኑ 47፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 40 ያህል ይወስዳሉ። የተቀረው 673 ሁሉ፣ ሰውየው በሚገባ ንጹሕ ኦክሲጅን ከተነፈሰ፣ የኦክሲጅን ድርሻ ይሆናል። የሰውነት ሙቀትን አስተካክለን ስናሰላው ስንቁ 1.95 ሊትር ገደማ ነው፤ ለ250 ሲካፈል ከስምንት ደቂቃ በጥቂቱ ያንሳል። መጽሐፉ አልተሳሳተም። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩም ግፊት ወደ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። ከዚህ ላይ 47 የውሃ ተን እና 35 ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀነስ 493 ይቀራል። ሳንባው ያው 2.5 ሊትር ነው፤ በውስጡ ያሉት የኦክሲጅን ሞለኪዩሎች ግን ከሩብ በላይ ቀንሰዋል። ስንቁ 1.43 ሊትር፣ ጊዜው 5.7 ደቂቃ። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚህም ያንሳል። ኦክሲጅን ቀድሞ ካልተሰጠና ሕመምተኛው ተራውን አየር ብቻ እየተነፈሰ ወደ ሰመመን ከገባ ደግሞ በሳንባው ውስጥ ያለው ስንቅ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይበቃም።

እነዚህ ቁጥሮች ሸካራ ግምት ናቸው። ደሙ ራሱ የሚይዘው ኦክሲጅን ጥቂት ይጨምራል፤ ሳንባው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ ሊሟጠጥ አለመቻሉ ደግሞ ይቀንሳል። ንጽጽሩ ግን አይናወጥም። አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ስሌት ባሳየነው ጊዜ፣ የደጋው ሕዝባችን ለከፍታ የተስማማ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል ሲል ተከራከረን። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,500 ሜትር ገደማ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠንና የደም ኦክሲጅን ሙሌት ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር የሚመሳሰል መሆኑን አሳይቷል። ዳሩ ግን በሳንባ ውስጥ የተቀመጠው ጋዝ የቦይልን ሕግ እንጂ የሰውየውን የትውልድ አገር አይጠይቅም። በዚህ ላይ በቀዶ ሕክምና ልትወልድ የተኛችውን እናት እናስብ። ሆዷ ሳንባዋን ወደ ላይ ስለሚገፋው ስንቋ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ የምትበላው ኦክሲጅን ደግሞ ቢያንስ በዚያው ልክ ይጨምራል። አምስት ተኩል ደቂቃ የነበረው ከአራት ደቂቃ በታች ሆነ ማለት ነው።

የሰው ልጅ ይህን ጠባብ በር ለማየት ያደረገው ጥረት ታሪክ፣ ብርሃን ቀጥ ብሎ ከመሄዱ ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው። በሕይወት ያለ ሰው የድምፅ አውታሮችን በግልጽ አይቶ የመረመረበት ስመ ጥር ሙከራ የሐኪም አልነበረም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለው ስፔናዊ የዘፈን መምህር እ.ኤ.አ. በ1854 ፓሪስ ውስጥ የፀሐይን ብርሃን በእጅ መስታወት ወደ ጉሮሮው አንጸባርቆ፣ በጥርስ ሐኪም ትንሽ መስታወት የራሱን አውታሮች አየ። በ1895 በርሊን ላይ አልፍሬድ ኪርሽታይን መስታወቱን ትቶ በቀጥታ ማየት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1943 ደግሞ የኦክስፎርዱ ሮበርት ማኪንቶሽ እስከ ዛሬ በየቀዶ ሕክምና ክፍላችን የሚገኘውን ቆልመም ያለ ላሪንጎስኮፕ አወጣ። የማኪንቶሽ መሣሪያ ብርሃኑን አያጥፈውም፤ ምላስንና መንጋጋን አንሥቶ መንገዱን ያቀናለታል። መንገዱ አልቀና ሲል ግን ብርሃኑን ማጠፍ ግድ ሆነ፤ በ1967 በብርጭቆ ክሮች ውስጥ በሚደረግ ሙሉ ነጸብራቅ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቱቦ ማስገባት ተከናወነ። ከ2001 ወዲህ ደግሞ ትንሽ ካሜራ በላሪንጎስኮፑ ጫፍ ተተክሎ ምስሉን በመስኮት ላይ ያሳያል። የባለሙያው ዐይን ወደ ጉሮሮው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ለማየት ሳይሆን ለመዳሰስ የተሠራ አንድ ትሑት መሣሪያ አለ፤ እሱም ቡጂ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ጫፉ በ35 ዲግሪ የታጠፈ ዘንግ ነው። ማኪንቶሽ በ1949 ሐሳቡን አሳተመ፤ ዛሬ የምናውቀው መልክ የተሰጠው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባለሙያው የትንፋሽ ቧንቧውን አፍ በግማሽ ወይም በጭላንጭል ብቻ ሲያይ፣ ከቱቦው ይልቅ ቀጭኑን ዘንግ ያሾልካል። የታጠፈው ጫፍ የትንፋሽ ቧንቧውን ቀለበቶች እየነካ ሲያልፍ በጣቶቹ ላይ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ስሜት ይመጣል፤ ዘንጉ ወደ ጠባቦቹ ቅርንጫፎች ሲደርስ ደግሞ ይቆማል። በምግብ ቧንቧ ውስጥ ግን ቀለበት የለም፤ ሳይቆምም ይገባል። ከዚያ ቱቦው ዘንጉን ተከትሎ ይወርዳል። በፈረንሳይኛ ቡጂ ማለት ሻማ ነው፤ የመኪና ሻማም በዚያው ስም ይጠራል። የኛ መካኒኮች ያንኑ ዕቃ «ካንዴላ» የሚሉት ደግሞ ከጣሊያንኛው ሻማ ወስደው ነው፤ ካንዴላ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው። ብርሃን በማያስፈልገው መሣሪያ ስም ውስጥ ይህን ያህል ብርሃን መገኘቱ ያስቀናናል።

ቡጂ ተአምር አይሠራም። በአሜሪካ አንድ የድንገተኛ ክፍል የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት፣ አስቸጋሪ ምልክት ባላቸው ሕመምተኞች ላይ በመጀመሪያው ሙከራ የተሳካው በቡጂ 96 በመቶ፣ ያለ ቡጂ በተለመደው ስታይሌት 82 በመቶ መሆኑን ዘግቦ ነበር። በ2021 ብዙ ሆስፒታሎችን ያካተተ ሌላ ጥናት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። እኛ ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ስናነባቸው የምንረዳው፣ በመጀመሪያው ቦታ ቡጂ የዕለት ተዕለት መሣሪያ እንደ ነበርና እጅ ሳይለምደው ዘንጉ ብቻውን ብዙ እንደማይፈይድ ነው። ርካሽ መሆኑና ኤሌክትሪክ አለመፈለጉ ግን እውነት ነው።

ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ ሆስፒታል፣ በስጦታ የመጣ ባለ ካሜራ ላሪንጎስኮፕ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎበት አይተናል። መሣሪያው ደኅና ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶባቸው የሚጣሉት የፕላስቲክ ሽፋኖቹ አልቀው ነበር፤ መግዣ በጀት ደግሞ አልተያዘም። ባለ ካሜራው መሣሪያ ያልተሳካ ሙከራን እንደሚቀንስ በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ቅሬታችን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሆስፒታሎቻችንም ለጋሾችም ስለ አስቸጋሪ የትንፋሽ መንገድ ሲያስቡ ቀድሞ የሚመጣላቸው «እንዴት እንይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በእኛ እምነት ሊቀድም የሚገባው «ቱቦው የት እንደ ገባ በምን እናውቃለን?» የሚለው ነው።

ምክንያቱን እንናገር። ቱቦ ወደ ምግብ ቧንቧ መግባቱ በራሱ አይገድልም፤ የሚገድለው አለመታወቁ ነው። በማዳመጫ የሚሰማ ድምፅ ከሆድ ወደ ደረት ይተላለፋል፤ የደረት መነሣትና በቱቦው ላይ የሚታይ ጉምም ያታልላሉ። የደም ኦክሲጅን መለኪያው ፐልስ ኦክሲሜትር ታላቅ በረከት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመውን ላይፍቦክስን የመሰሉ ድርጅቶች በአገራችንም ጭምር እንዲዳረስ ደክመዋል። ሆኖም ኦክሲሜትሩ የሚነግረን ስንቁ ማለቁን እንጂ መንገዱ መሳቱን አይደለም፤ ኦክሲጅን አስቀድሞ በደንብ የተሰጠው ሰው ቱቦው ከሳተ በኋላም ለደቂቃዎች 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ደግሞ መሣሪያው የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክሲጅን ማነስ ሳይታወቅ የማሳለፉ ዕድል ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህ እኛን የማይመለከት ሊመስለን አይገባም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የሚመጣው ከሳንባ ነው። ቱቦው በሆድ ከሆነ፣ ምናልባት በለስላሳ መጠጥ ወይም በጭምብሉ በኩል የገባ ጥቂት ጋዝ ለአንድ ሁለት ትንፋሽ ቢታይ እንኳ ወዲያው ይጠፋል። ካፕኖግራፍ የሚባለው መሣሪያ ይህንን በየትንፋሹ ይለካል፤ የሚሠራውም ጆን ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1859 ለንደን ላይ በጀመረው መንገድ ነው፦ ታህተ ቀይ ጨረርን በጋዙ ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደ ተመጠጠ በማየት። ውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪያችን የጋዞችን ጨረር አመጣጠጥ ስናጠና፣ 4.26 ማይክሮ ሜትር ላይ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መስመር እንደ ጠላት ነበር የምናየው። የራሳችን ትንፋሽ ወደ መለኪያው እየገባ ውጤታችንን ያበላሽብን ስለ ነበር በናይትሮጅን እያጠብን እናባርረው ነበር። ያ የምናባርረው ምልክት በአንድ ሰው አፍ ላይ ሲታይ «ይህ ሰው ሳንባው እየተነፈሰ ነው» ማለት እንደ ሆነ ለማስተዋል አገራችን ተመልሰን የዚያችን ተማሪ ጥያቄ መስማት ነበረብን። ብሪታንያ ውስጥ በመላ አገሪቱ የተካሄደና በ2011 ይፋ የሆነ ምርመራ፣ ከትንፋሽ መንገድ ጋር በተያያዘ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከደረሱት ሞቶች ለአብዛኛዎቹ ካፕኖግራፍ አለመኖሩ ወይም በትክክል አለመነበቡ ድርሻ እንደ ነበረው ደምድሟል። ያ የሆነው መሣሪያው ባልጠፋበት አገር ነው።

መሣሪያ ብቻውን አይበቃም የሚሉን ወገኖች አሉ፤ ትክክል ናቸው። በ2005 በዚያችው ብሪታንያ የአንድ አውሮፕላን አብራሪ ባለቤት ለቀላል ቀዶ ሕክምና ተኝታ ትንፋሿን ማስገባት አልተቻለም። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ከ20 ደቂቃ በላይ ቱቦ ለማስገባት ሲታገሉ፣ ነርሶቹ አደጋው ገብቷቸው አንገትን በስቶ ለማስተንፈስ የሚያገለግለውን ዕቃ አቅርበው ነበር፤ አልተሠራበትም። ሴቲቱ ከቀናት በኋላ ሞተች። ባሏ ማርቲን ብሮሚሊ ለበቀል አልተነሣም፤ በሙያው አንድ አውሮፕላን ሲወድቅ የሚጠየቀውን ጥያቄ ለሕክምናው አቀረበ፤ በ2007ም የሰው ልጅ አሠራር በሕክምና ስሕተት ላይ ያለውን ድርሻ የሚመለከት ማኅበር መሠረተ። በጭንቅ ጊዜ ሰዓት ይጠፋል፤ ሐኪሞቹ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አልታወቃቸውም ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ታላቅን ማረም፣ ይልቁንም ነርስ ዶክተርን «ሦስት ደቂቃ ሆነ፣ ይብቃ» ማለቷ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ተማሪዋ ያነሣችው ጥያቄ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ደቂቃ የሚቆጥር አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰየም። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ታዲያ የፊዚክስ መምህራን በሰው ሙያ ምን ጥልቅ አደረገን? እጃችንን ወደ ሕመምተኛ አፍ የመስደድ ምኞት የለንም። ነገር ግን በደጅ ያለ ጉዳይ ሳይሆን በገዛ ቤታችን የተበላሸ ነገር አለ፤ እሱም ለጤና ተማሪዎች የምናስተምረው ኮርስ ነው። የፑአዜይ ሕግ ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች አንዱ ሆኖ ብዙ ጊዜ ሳይደረስበት ወሰነ ትምህርቱ ያልቃል። ታህተ ቀይ ጨረር በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ተማሪው ተዳፋቱን አስልቶ ያልፋል፤ ከዚያ በሥራው ላይ ተዳፋት አያገኝም። ሁለተኛው ዕዳችን ልክን ማስተካከል ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ንባብ ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ይያያዛል፤ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በባሕር ጠለል 5 በመቶ ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 7 በመቶ ነው። ውጤቱን በመቶኛ እያሰላ የባሕር ጠለልን ግፊት የሚገምት መሣሪያ እዚህ ሲደርስ ይዋሻል። የግዥ ሰነድ ሲዘጋጅ ይህን የሚጠይቅ ሰው አለ ወይ? የባዮሜዲካል ምሕንድስና ክፍሎች በአዲስ አበባም በጅማም አሉ፤ የጋዝ ጠርሙስ፣ ባሮሜትርና ጨረር መለኪያ ያለን እኛ ነን። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ጠረጴዛ ማዘጋጀት ከዲኑ ፊርማ በላይ የሚጠይቅ አይመስለንም።

ካፕኖግራፍ ውድ ነው፤ መብራትና ጥገና ይፈልጋል የሚለውን ተቃውሞ አቅልለን አናየውም። ኦክሲጅን ራሱ በሚቋረጥበት ቦታ ስለ ካፕኖግራፍ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ቢሆንም ራስጌን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ስንቁን ይጨምራል፤ ትራስ ነው። በሙከራው ጊዜ በአፍንጫ ኦክሲጅን ማፍሰስ፣ ትንፋሽ ቆሞ እንኳ ጋዙ በግፊት ልዩነት ወደ ሳንባ እንዲሳብ ያደርጋል፤ ሳንባው በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ሲሰጥ በምትኩ የሚቀበለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቂት ብቻ ስለ ሆነ ነው። ቀጭን ቱቦ ነው። ከነዚህ በኋላ ገንዘብ ከተገኘ፣ አንድ ሆስፒታል በአንድ ባለ ካሜራ መሣሪያና በአንድ ካፕኖግራፍ መካከል እንዲመርጥ ቢገደድ፣ እኛ ያለ ማመንታት ካፕኖግራፉን እንመርጣለን። ይህን ስንጽፍ የሚቃወሙን የሰመመን ባለሙያዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ መልሳቸውን በዚሁ መጽሔት ብናነብ ደስ ይለናል።

ኮርሱን በከፊል አሻሽለነዋል። ተዳፋቱ ወደ ሁለተኛው ወር ተገፍቷል። የመጀመሪያው ሰዓት የሚጀመረው 575 የሚለውን ቁጥር በሰሌዳው ላይ በመጻፍ ነው፤ ተማሪዎቹም ባሮሜትሩን ራሳቸው አንብበው ቁጥሩን ያርሙታል። ያቺ ተማሪ ተመርቃ ሄዳለች። ባለፈው ጊዜ ስትደውልልን የምትሠራበትን ከተማ ከፍታ ነግራን፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ስሌት እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችን። የሕፃን ሰውነት በየኪሎው የሚበላው ኦክሲጅን የዐዋቂውን እጥፍ ያህል ስለ ሆነ ቁጥሩ ደስ የሚል አልነበረም፤ ቢሆንም አብረን አስልተን ጻፈችው።